ምርቱ ለባዕድ፣ ግርዱ ለወገን

በአገራችን የምግብ ደኅንነት ወሬ የሚነሣው ሌባ ሲያዝ ብቻ ነው። በጤፍ ዱቄት ላይ ጀሶ የቀላቀለ፣ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የጨመረ፣ ቅቤውን በሙዝ ያበዛ ሰው ፖሊስ እጅ የገባ ዕለት ጆንያው በካሜራ ፊት ይዘረገፋል፤ ሹሙ ማይክሮፎኑን ይጨብጣል፤ እኛም በየቤታችን «ኧረ የጉድ አገር!» እንላለን። በሳምንቱ ሁሉም ይረሳል። ሌባ መያዙን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። የሚያስቆጨኝ ሌባ የሌለበት መርዝ ተናጋሪ ማጣቱ ነው። በቴሌቪዥን የሚቀርብ ተጠርጣሪ ስለሌለው፣ ጆንያው ቢዘረገፍም ዐይን የሚያየው ነገር ስለማይወጣው፣ ከጀሶውም ከሙዙም የከፋው መርዝ ዓመት እስከ ዓመት በአፋችን እየገባ ዝም ይባላል።

የምናገረው ስለ ለውዝ ነው። ኦቾሎኒ የምትሉት ካላችሁም እርሱኑ ነው። በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በትምህርት ቤት በር፣ በመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በስኒ ተሰፍሮ፣ በጋዜጣ ወይም በአሮጌ የፈተና ወረቀት ተጠቅልሎ የሚቸረቸረው፤ ከገብሱ፣ ከሽምብራውና ከሱፉ ጋር ተደባልቆ በቆሎ ሰሐን ለእንግዳ የሚቀርበው፤ ተፈጭቶ «የለውዝ ቅቤ» ተብሎ በልጆቻችን ዳቦ ላይ የሚቀባው ለውዝ። ርካሽ ነው፤ ይጣፍጣል፤ ያጠግባል። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ለተወ ሰው ከሚገኙት ብርቱ ምግቦች አንዱ ነው። ይህን የምጽፈው ለውዝን ጠልቼ አይደለም። ይህን የመሰለ ምግብ መርዝ ተሸክሞ ሲመጣ እያወቁ ዝም ያሉትን ለመክሰስ ነው።

መርዙ ስም አለው፤ አፍላቶክሲን ይባላል። የሚያመነጩት አስፐርጂለስ ፍላቨስ እና አስፐርጂለስ ፓራሲቲከስ የተባሉ ሻጋታዎች ናቸው። ሻጋታው በአፈር ውስጥ ይኖራል። ለውዝ ደግሞ ፍሬውን የሚያፈራው ከመሬት በታች ስለሆነ ከጠላቱ ጋር ተጎራብቶ ያድጋል። ዝናቡ በመጨረሻው ወር ሲቋረጥና አፈሩ ሲግል ተክሉ ይዳከማል፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ሻጋታው ይገባል። ከተነቀለ በኋላ በወጉ ሳይደርቅ በጆንያ ከታጨቀም እርጥበቱና ሙቀቱ የቀረውን ይጨርሱታል። ቅርፊቱን በእጅ ለመፈልፈል እንዲላላ ውኃ የሚረጭበት ልማድ ባለበት ስፍራ ሁሉ ጉዳቱ ይብሳል። ሻጋታው አንዳንዴ ይታያል፤ አንዳንዴ አይታይም። መርዙ ግን በዐይን አይታይም፣ በአፍንጫ አይሸተትም፣ በምላስ አይለይም። መቁላት ቢቀንሰው እንጂ አያጠፋውም። ምጣዱ ሻጋታውን ይገድለዋል፤ ሻጋታው ትቶት የሄደውን መርዝ ግን ሙሉ በሙሉ አያሸንፈውም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ ከሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ የሚሆኑት በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ላይ ተደረሰ። አፍላቶክሲን ተለይቶ ስም የወጣለት ከዚያ ምርመራ በኋላ ነው። በጎረቤታችን በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2004 በሻገተ በቆሎ ሳቢያ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች የበሉት እንግዳ ነገር አልነበረም። የገዛ ማሳቸውንና የገዛ ጎተራቸውን እህል ነው የበሉት።

በአንድ ጊዜ በብዛት የገባ እንደሆነ እንዲህ ይገድላል። በጥቂት በጥቂቱ በየዕለቱ ሲገባ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ጉበትን ይይዛል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን የመደበው በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። ክፋቱ ደግሞ አጋር ማግኘቱ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በደሙ ውስጥ ያለበት ሰው አፍላቶክሲን የተመገበ እንደሆነ ሁለቱ አደጋዎች በመደመር አይወሰኑም፤ ይባዛሉ። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው፣ ይኸውም ይህን ከምታነቡት መካከል አብዛኞቻችሁና እኔ፣ በሕፃንነታችን ያ ጋሻ አልነበረንም። የአንድ ሰው ዐይን ቢጫ ሲሆን ግን «የወፍ በሽታ ነው» እንላለን፤ ሥር ማሽ እንፈልጋለን፤ ጠበል እንወስደዋለን። ወፏን እንከሳለን፤ ጆንያውን የጠየቀው የለም።

የአገራችን ገበሬ የምግብን መርዝ የማያውቅ ሆኖ አይደለም። በደንቢያና በፎገራ ጓያ እግር እንደሚያስር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጓያ በችግር ዘመን አብዝቶ የበላውን ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ እግሩን ሽባ ያደርገዋል። ስለዚህ ምግቡና ጉዳቱ በአንድ ትውልድ ዐይን ፊት ተያይዘው ታዩ፤ መዘፍዘፉ፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉ፣ መጠንቀቁ ሁሉ ከዚያ መጣ። አፍላቶክሲን ግን ዛሬ ተበልቶ ሒሳቡን የሚጠይቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለውዙን ማን ያስታውሰዋል? እናት በልጇ መታመም የልጅነቱን የቆሎ ሰሐን ልትጠረጥር አትችልም። በዐይን የማይታየውንና በዕድሜ የሚዘገየውን ነገር የማየት ግዴታ ያለበት ላቦራቶሪና ሕግ ያለው አካል ነው። ያ አካል መንግሥት ይባላል።

«ይህ ሁሉ በእኛ አገር መኖሩን በምን አወቅህ?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2013 «ፉድ ኮንትሮል» በተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት መጽሔት የታተመ ጥናት ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 120 የለውዝ ናሙናዎችን መርምሮ በ93ቱ አፍላቶክሲን አገኘ። መጠኑ በኪሎ ከ15 እስከ 11,900 ማይክሮግራም ነበር። ማይክሮግራም ለብዙዎቻችን ባዶ ድምፅ ነውና በኩንታል እንመንዝረው። የአውሮፓ ኅብረት ለቀጥታ ምግብነት በሚቀርብ ለውዝ ላይ የሚፈቅደው ጣሪያ በኪሎ 4 ማይክሮግራም ነው። ይህ በ10,000 ኩንታል ለውዝ ውስጥ 4 ግራም መርዝ ማለት ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ከእኛ ናሙናዎች የከፋው በዚያው 10,000 ኩንታል ቢሰላ ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። ወደ 3,000 እጥፍ! ለውዝ ሁሉ እንዲህ ነው አላልሁም። አንዱ ጆንያ ንጹሕ ሆኖ አጠገቡ ያለው የተመረዘ ሊሆን ይችላል፤ የዚህ መርዝ ጠባዩ ይኸው ነው። ግን ከመቶ ሰባ ሰባት ናሙና ውስጥ መርዝ የተገኘበት አንድም ሌላ ሸቀጥ ቢሆን ኖሮ ስንት መግለጫ በሰማን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በዚያው መጽሔት ስለ አዲስ አበባና ስለ አካባቢዋ ወተት ሌላ ጥናት ወጣ። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ መርዙ ያልተገኘበት አንድም አልነበረም። የአውሮፓን ጣሪያ ሳያልፉ የተገኙት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ አሜሪካ የምትሠራበትን፣ ከአውሮፓው ዐሥር እጥፍ የሚላላውን ጣሪያ እንኳ ያለፉ ነበሩ። የመርዙ መነሻ የላሞቹ መኖ ነበር፤ በተለይም የኑግ ፋጉሎ። እንግዲህ ለውዝ የማይበላ ሰውም አላመለጠም። በቅባት እህል የጀመረው ሻጋታ በላሟ አልፎ ለሕፃኑ በጡጦ ይቀርብለታል።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚሄዱ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ እርድና ሌሎች ቅመሞች ወደ ግዛቱ ሲገቡ ከጭነቶቹ ግማሹ ለአፍላቶክሲን እንዲመረመር አዘዘ። ሰሊጣችንም ለሳልሞኔላ በዚሁ መጠን እንዲፈተሽ ተወሰነ። እንዲህ ያለው ደንብ በየጊዜው ይከለሳል፤ ቁጥሩም ከፍ ዝቅ ይላል። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፤ ያ መንግሥት ዜጎቹ የሚበሉትን ነገር ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። ይህን በማድረጉ አልወቅሰውም፤ እቀናበታለሁ እንጂ።

ደንቡ በመጣ ጊዜ በእኛ በኩል የሆነው ምንድን ነው? ላኪው ናሙናውን ይዞ ወደ ላቦራቶሪ መሮጥ፣ የምርመራ ወረቀት መያዝ፣ ማስለቀምና ማስደረቅ ግዴታው ሆነ። ስለዚህ «መሣሪያ የለንም»፣ «ባለሙያ የለንም» የሚለው ሰበብ ከእንግዲህ አይሠራም። መሣሪያው አለ፤ ባለሙያው አለ። ሕጉም አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጥቷል፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለን፤ የደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለን፤ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለን፤ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለን። የጎደለው ፊታቸውን ወደ ውስጥ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ሚዛኑ ሁሉ የተተከለው ወደ ባሕር ማዶ በሚያስወጣው በር ላይ ነው። ዶላር የሚያመጣልን አፍ ጉበት እንዳለው እናውቃለን፤ ብር የሚያወጣው አፍ ግን ሆድ ብቻ ያለው ይመስለናል።

አባቶቻችን በአውድማ ላይ ምርቱን ከግርዱ ይለዩ ነበር። ምርቱ ወደ ጎተራ፣ ግርዱ ወደ ከብትና ወደ ዶሮ ይሄድ ነበር። እኛ በዘመናዊው አውድማ ሥርዓቱን ገለበጥነው። ለውጭ ገዥ ሲሆን የተሸበሸበው፣ የተሰበረው፣ የጠቆረው ፍሬ አንድ በአንድ ይለቀማል። ሳይንሱ እንደሚያስረዳው መርዙ በብዛት የሚከማቸው በእነዚሁ ፍሬዎች ላይ ስለሆነ ለቀማው እጅግ ይጠቅማል። የተለቀመው ግን ወዴት ይሄዳል? ማን ያቃጥለዋል? ማን ይመዘግበዋል? መሄጃ ካልተሠራለት መሄጃው የታወቀ ነው፤ በርካሽ ተሽጦ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ይመለሳል። የተቆላ ነገር ጠቆር ቢል አያስታውቅም፤ የተፈጨ ነገር ደግሞ ጨርሶ መልክ የለውም። እንግዲህ ምርቱ ለባዕድ፣ ግርዱ ለወገን ሆነ ማለት ነው።

ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ሻንጣው ነው። በኮንቴይነር ተጭኖ ፍራንክፈርት የደረሰ በርበሬ ናሙና ሊወሰድበት ይችላል። እዚያው ከተማ ለሚኖር ልጇ እናት በሻንጣ የላከችው በርበሬ፣ ቆሎና በሶ ግን ማንም ሳይነካው ማጀት ይገባል። በአንድ ከተማ፣ ከአንድ አገር በመጣ አንድ ዓይነት ምግብ፣ ጀርመኑ ይጠበቃል፤ የእኛው ልጅ ግን ናፍቆቱን ከነመርዙ ይመገባል። እርሱ ያለበት አገር መንግሥት ሊጠብቀው አልሰነፈም፤ የእናቱ አገር መንግሥት ነው እናቲቱን ያልጠበቃት።

ከዚህ የባሰ ሌላ ምሳሌ አለ። በምግብ እጥረት እጅግ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው፣ ከለውዝ የሚዘጋጀው ለስላሳ የሕክምና ምግብ በየጤና ጣቢያው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት በጋራ ባወጡት መግለጫ የዚህ ምግብ የአፍላቶክሲን ጣሪያ በኪሎ 5 ማይክሮግራም እንዲሆን ተጻፈ። ትክክል ነው፤ የተጎዳ ሕፃን ጉበት ተጨማሪ ሸክም አይችልም። ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው አስቡት። ልጁ በረሃብ ከስቶ ጤና ጣቢያ እስከተኛ ድረስ የሚበላው ለውዝ ይመዘንለታል። አገግሞ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ በእግሩ ሄዶ ከጤና ጣቢያው በር ሲወጣ ግን ከበሩ ውጭ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚጠብቀውን ለውዝ የሚመዝንለት የለም። ጥበቃ ለማግኘት መጀመሪያ ሊሞት መቃረብ ነበረበት!

የሚቀርቡብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። አንዱ «አባቶቻችን በልተውት ኖረዋል» ይላል። የኖሩትን ቆጥረን የሞቱትን ስላልቆጠርን ነው። ጉበቱ አብጦ የሞተው አጎታችን የሞቱ ምክንያት በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? ደግሞም አባቶቻችን እህሉን ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎታ ያስገቡ ነበር እንጂ በላብ ረጥቦ በፕላስቲክ ጆንያ ታስሮ፣ በጭነት መኪና ተነባብሮ፣ በመርካቶ እህል በረንዳ መጋዘን ወራት የሰነበተ ለውዝ አልበሉም። የአባቶችን ስም የምንጠራ ከሆነ ከነማድረቃቸውና ከነመልቀማቸው እንጥራው።

ሌላው «ይህ ምርታችንን ዋጋ ለማሳጣት የተሸረበ የፈረንጅ ተንኮል ነው» ይላል። በዓለም ንግድ ተንኮል የለም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ሻጋታው ፖለቲካ አያውቅም። ከላይ የጠቀስኋቸው ናሙናዎች የተሰበሰቡት ከእኛው ማሳ፣ ከእኛው ገበያና ከእኛው ላሞች ነው። የፈረንጁን ደንብ ተንኮል ነው ብለን ብንጥለው እንኳ በኬንያ የሞቱትን 125 ሰዎች ፈረንጅ አልገደላቸውም።

ሦስተኛው በጣም የሚያናድደኝ ነው፤ «ድሃው ምን ይብላ? ይህን ስታወሩበት ያለችውን ለውዝ ትነጥቁታላችሁ» የሚለው። ይህን የሚሉት ለድሃው የሚያዝኑ ይመስላሉ። ግን ለድሃው ማዘን የሚገለጠው ምግቡን ንጹሕ አድርጎ በማቅረብ ነው እንጂ መርዙን በመደበቅ አይደለም። ሀብታሙ ዛሬ ለውዝ ቢተው ነገ ሌላ ይገዛል። ለውዙን ንጹሕ ማድረግ የሚጠቅመው ሌላ አማራጭ የሌለውን ነው።

አራተኛው ደግሞ የሹማምንቱ መፍትሔ ነው፤ ደንብ አስከባሪ ልኮ በየመንገዱ ዳር የምትሸጠውን ሴት ሰሐኗን ማስደፋት። አንድ ነገር መድረጉን ለማሳየት ከዚህ የቀለለ የለም። ነገር ግን መርዙ የተሠራው በማሳ፣ በመጓጓዣና በመጋዘን ነው። እርሷ ከጅምላ ሻጩ እንደተቀበለችው ቆልታ ትሸጣለች፤ ከዚያው ሰሐን ለልጆቿም ዘግና ትሰጣለች። ከሁላችንም አስቀድሞ የምትመረዘው እርሷ ናት። እርሷን ማባረር ወንዙ ከምንጩ ሲደፈርስ ውኃ ቀጂዋን እንደ መቅጣት ነው።

ለእኛም ለተማርነው አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችን ችግሩን በገንዘባችን ያመለጥነው ይመስለናል። ከመንገድ ዳር መግዛት ትተን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ በፕላስቲክ የታሸገ፣ ሥዕል የተለጠፈበት ቆሎና የለውዝ ቅቤ እንገዛለን። ሥዕሉ አፍላቶክሲንን አያባርርም። ፕላስቲኩ አቧራን፣ ዝንብንና የሰው እጅን ይከለክል ይሆናል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ከማሸጊያው በፊት የገባውን መርዝ ግን እንደያዘ ያሽገዋል። ደኅና ያልደረቀ ከሆነም እርጥበቱን አፍኖ ያብስበታል። በጥቅሉ ላይ «ለአፍላቶክሲን የተመረመረበት ቀንና ውጤት» የሚል መስመር ካላያችሁ በስኒ ከተሰፈረው የሚለየው በዋጋው ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? እንደ እኔ እንደ እኔ አራት ነገር ይበቃል፤ አራቱም ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ ለአውሮፓ ወደብ የሚደረገው ምርመራ ለእህል በረንዳም ይደረግ። ባለሥልጣኑ በየሦስት ወሩ ከጅምላ መጋዘኖች፣ ከቆሎ አቅራቢዎችና ከለውዝ ቅቤ አምራቾች ናሙና ይውሰድ፤ ውጤቱንም በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ያለ መሸፋፈን ያውጣ። ዛሬ መርዙን በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠቁሙ ትንንሽ መመርመሪያዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ቸርቻሪ ፖሊስ ማቆም አያስፈልግም፤ ጥቂት ትልልቅ መጋዘኖችን መያዝ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ገበሬው ላደረቀበት ይከፈለው። ገበያው የሚከፍለው ለክብደት ብቻ እስከሆነ ድረስ እርጥብ ለውዝ ያመጣ ይጠቀማል፤ ደኅና ያደረቀ ይከስራል። ይህን እያየን «ገበሬው ግንዛቤ ይጎድለዋል» ማለት ስድብ ነው። የእርጥበት መለኪያ በየመረከቢያው ይቀመጥ፤ ደረቁ ከእርጥቡ በዋጋ ይለይ። በሸራ ላይ ማስጣት፣ ውኃ ሳይረጩ መፈልፈያ መሣሪያ፣ እነዚህ ሮኬት ማምጠቅ አይደሉም። ናይጄሪያና ኬንያ ከዚህም አልፈው መርዝ የማያመነጨውን የዚያኑ ሻጋታ ዘመድ በማሳ ላይ በትነው መርዘኛው ቦታ እንዲያጣ የሚያደርግ ዘዴ መዝግበው ለገበሬዎቻቸው አቅርበዋል።

ሦስተኛ፣ ለግርዱ መሄጃ ይሠራለት። የተለቀመው ለውዝ በወጉ ተጨምቆና ተጣርቶ ዘይት ሊወጣው ይችላል፤ ማጣራቱ በትክክል ከተሠራ መርዙን ከዘይቱ ያስወግደዋል። ፋጉሎው ግን ሳይመረመር ለላም እንዳይሰጥ፤ አለዚያ በወተት ተመልሶ ይመጣል። ለግርዱ ዋጋ ያለው ሌላ በር ካልተከፈተለት በልጆች ዳቦ ላይ ከመቀባት የሚያግደው የለም።

አራተኛ፣ ጀሶና ሙዝ በተገኘ ቁጥር የሚሰበሰበው የጋዜጠኛ ሠራዊት አንድ ቀን እንኳ ለባለሥልጣኑ ይህን ጥያቄ ያቅርብለት፤ «ባለፈው ዓመት ለአገር ውስጥ ገበያ ከቀረበው ለውዝ ስንት ናሙና መረመራችሁ? በስንቱ መርዝ ተገኘ? የተገኘበት ጭነት የት ደረሰ?» ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። መልስ ካለ እንስማው፤ ከሌለም አለመኖሩን በአደባባይ እንስማ።

ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ በየቤታችሁ የምትችሉትን አድርጉ። ከመቁላታችሁ በፊት የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰነጠቀውን ልቀሙና ጣሉ፤ ለዶሮና ለላም አትስጡት። መረር ያለች ፍሬ አፋችሁ ከገባች ትፉ፤ «ነውር ነው» ብላችሁ አትዋጡ። ልጆቻችሁን ለሄፓታይተስ ቢ አስከትቡ፤ እናንተም ተመርመሩ። ነገር ግን ይህን ስትሠሩ የመንግሥትን ሥራ በወንፊት እየሠራችሁ መሆኑን አትርሱ። በዐይናችሁ ስትለቅሙ የምታገኙት የሚታየውን ብቻ ነው፤ የማይታየው በሰሐኑ ላይ ይቀራል።

አዋጁ የታተመበት ነጋሪት ጋዜጣ ራሱ አንድ ቀን ተቀድዶ የለውዝ መጠቅለያ ቢሆን አይገርመኝም። ያን ጊዜ ቢያንስ ሕጉና ለውዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ እንላለን።

ቸር እንሰንብት።